የመጨረሻዎቹ ቀናት አንጎል፦ በቤቱ ለሚያስታምም ሰው

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥና በዙሪያዋ ባሉ የባሶና ወራና ቀበሌዎች እየተዘዋወርኩ፣ ሐኪም ቤት "ከእንግዲህ ቤታችሁ ውሰዱት" ያላቸውን ሕሙማን የምጎበኝ ነርስ ነኝ። ቁስል አጥባለሁ፣ የሕመም ማስታገሻ አሰጣጥ አሳያለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜዬን የማሳልፈው ግን አስታማሚዎችን በማዳመጥ ነው። ጠባሴም ሆነ መንዝ፣ ከሬሳ ሣጥን በፊት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ሲስተር፣ እየተሠቃየ ነው?" መልሱ በአብዛኛው ያለው አንጎል ውስጥ ነው። ሰው ሊያርፍ ሲቃረብ የአንጎሉ ኬሚካሎች ሚዛን ይለወጣል፤ ከውጭ የምናየው እንቅልፍ፣ መቃዠት፣ የትንፋሽ መቆራረጥ ሁሉ የዚያ ለውጥ ምልክት ነው። ይህን የተረዳ አስታማሚ ምልክቱን በመፍራት በሽተኛውን አያጎሳቁልም። ያላወቀ ግን በፍቅር ብዛት ያስጨንቀዋል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ይህ መመሪያ ለማን እንደሆነ ይለይ። ሕመሙ እንደማይድን በሐኪም ለተነገረለት ሰው ነው፦ ለተሠራጨ ካንሰር፣ መጨረሻው ደረጃ ላይ ለደረሰ የጉበት፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም። ትናንት ከብት ሲጠብቅ የዋለ ሰው ዛሬ በድንገት ቢወድቅ ይህን ጽሑፍ ዝጉትና ደረቱን መጫን ጀምሩ፤ ሌላው ሰው ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል። የስኳር ሕመምተኛ በድንገት ቢደነዝዝ ወይም ቢቃዥ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በደቂቃዎች ውስጥ የሚስተካከል ነገር ነው፣ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ። የማይድን ሕመም ያለበት ሰውም ቢሆን ሁኔታው በአንድ ቀን ተገለባብጦ ካደረ ትኩሳት፣ የተዘጋ ሽንት ወይም የመድኃኒት ብዛት እንዳይሆን መጀመሪያ ባለሙያ ይየው።

አእምሮው ሳይደበዝዝ የሚሠራ ሥራ

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንተነፍሰው ኦክሲጅን 20 በመቶውን የሚበላው እሱ ነው። ደም ሲያንስ፣ ጉበትና ኩላሊት ሲደክሙ፣ ሳንባ ሲዝል ቀድሞ የሚጎዳው የዚሁ አንጎል ንቃት ነው። ስለዚህ ንቃት የሚጠይቁ ጉዳዮች ወደ መጨረሻው ቀን መገፋት የለባቸውም። እዚህ ላይ ቤተሰብ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ "ካህን ከጠራን ተስፋ ቆረጥንበት ማለት ነው" ይላል። ተስፋ መቁረጥ አይደለም። ንስሐ መናገር ማስታወስንና መናገርን ይፈልጋል፤ ቅዱስ ቁርባን ደግሞ መዋጥን ይፈልጋል። የመዋጥ ችሎታ ከንግግር ጋር አብሮ የሚደክም ነው። ትንታ በጀመረው ሰው ፊት ቆመው ምን ይሻላል ብለው የሚጨነቁ ካህናት አይቻለሁ። የንስሐ አባቱን በሽተኛው ገና አጥሚቱን ራሱ ይዞ በሚጠጣበት ሳምንት ጥሩ። በኤፍራታና ግድም ወይም በቀወት የምትገኙ ሙስሊም ወገኖችም እንዲሁ፤ ሸሃዳውን በገዛ አንደበቱ ሊል በሚችልበት ሰዓት አጠገቡ ሁኑ።

ኑዛዜም እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረም ነው። ሲቃዥ ያደረ ሰው ጠዋት የፈረመው ወረቀት ከአርባው በኋላ ወንድማማቾችን ፍርድ ቤት ያቆማል። ይህን የምለው የመሬት ክርክር የሟችን ስም ለዓመታት ሲያስነሣ ስላየሁ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ መድኃኒት ነው። የሚዋጠው ክኒን መዋጥ ሲያቅተው በምን እንደሚተካ፣ የሚጠጣ ሞርፊን ከየት እንደሚገኝ፣ ሌሊት ማን እንደሚደወልለት አስቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። የኛ አገር መንገድ ሌሊት አይመችም፤ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ መድኃኒት ፍለጋ የሚነሣ ሰው ሲመለስ ነገሩ አልፎ ሊደርስ ይችላል።

ምግብ ሲቀንስ

እናቶች ከሁሉ የሚጨነቁበት ይህ ነው። "ሳይበላ ሊሞት ነው" ይላሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ሰውነቱ እየተዘጋ ስለሆነ ነው የማይበላው። ምግብ ለብዙ ቀን ሲቀንስ ጉበት የሰውነትን ስብ ወደ ኬቶን ይለውጣል፤ አንጎል በስኳር ፋንታ በኬቶን ይተዳደራል፣ ኬቶን ደግሞ የረሃብን ስሜት ያደበዝዛል። በዓቢይ ጾም የሚያከፍል ሰው ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ ረሃቡ እንደሚቀልለት የሚናገረው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ እናንተ የምታስቡት ረሃብ እሱ ጋር የለም፤ ቢኖርም ደብዛዛ ነው።

የግድ ማጉረስ ግን ሥቃይ ይፈጥራል። የመዋጥ ቅንጅት የአንጎል ግንድ፣ ማለትም አንጎልን ከአከርካሪ ጋር የሚያገናኘው የታችኛው ክፍል ሥራ ነው፤ ያ ሲደክም ጉርሻውና ውኃው ወደ ሳንባ ይገባል። በማንኪያ የተጋተ አጥሚት ያመጣው ሳል ሌሊቱን ሙሉ አንድን አረጋዊ ሲያንገላታ ነበር፤ ልጃቸው ደግሞ ሳሉን እንደ ሕመሙ ቆጥራ ይበልጥ ታጠጣቸው ነበር። ከጠየቀ ስጡት፤ ቀና አድርጋችሁ፣ በትንሽ በትንሹ። ካልጠየቀ አፉን ብቻ ተንከባከቡ። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ በውኃ አርሳችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ድዱንና ምላሱን በቀስታ አብሱት፤ ከንፈሩን ቫዝሊን ቀቡት። በቀን ብዙ ጊዜ አድርጉት። በዚህ ጊዜ የሚሰማው ጥማት በአብዛኛው የአፍ መድረቅ ነው፣ መፍትሔውም አፍ ላይ ነው። ጠበል ከሸንኮራ ዮሐንስም ይምጣ ከጻድቃኔ፣ መዋጥ ለማይችል ሰው ከንፈሩን ማራስና ግንባሩን መቀባት ይበቃል።

"ግሉኮስ ይሰካለት" የሚል ዘመድ ሁልጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜም ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ ነው። ልብና ኩላሊቱ የደከመ ሰው የሚገባለትን ፈሳሽ ማስወጣት ስለማይችል ፈሳሹ እግሩን ያሳብጣል፣ ጉሮሮው ላይ ያንኮራፋል። ሐኪሙ ለተለየ ምክንያት ካላዘዘ አትለምኑት።

እንቅልፉ ሲበዛ

መጀመሪያ ቀኑን ያንቀላፋል፤ ቀጥሎ ሲጠሩት ብቻ ይነቃል፤ በመጨረሻም አይነቃም። ከጀርባው ያለው ኬሚካል እንደ ሕመሙ ይለያያል። ጉበቱ የደከመ ሰው አንጀት ውስጥ የሚፈጠረውን አሞኒያ ማጽዳት ስለማይችል አሞኒያው ወደ አንጎል ይዘልቃል፤ እጁን ሲዘረጋ የሚንቀጠቀጠውም ለዚህ ነው። ኩላሊቱ የተዘጋ ሰው ደም ውስጥ ዩሪያና ሌሎች ቆሻሻዎች ይከማቻሉ። ሳንባው የደከመ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስወጥቶ አይጨርስም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ በራሱ ያስተኛል። አብዛኛው እንዲህ ያለ እንቅልፍ ሕመምን የሚሸፍን እንቅልፍ ነው። አታነቃንቁት፣ "አባዬ፣ ታውቀኛለህ? እኔ ማን ነኝ?" እያላችሁም አትፈትኑት። ፈተናውን ሲወድቅ የምታለቅሱት እናንተ ናችሁ፣ የሚጨነቀው ደግሞ እሱ። "አባዬ፣ እኔ ነኝ፤ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ መጣሁ" ብላችሁ ራሳችሁን ንገሩት።

በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጎኑን ቀይሩ። ተረከዙና ዳሌው ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ። እግሩ ቢቀዘቅዝ ደሙ ወደ ውስጥ ስለተሰበሰበ ነው፤ የመንዝ ዝተት ደራርባችሁ አትጫኑት፣ ክብደቱ መተንፈስ ያስቸግረዋል። አንድ ቀላል ብርድ ልብስና ካልሲ ይሻላል።

እዚህ ላይ ስለ ከሰል አጥብቄ መናገር አለብኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ጤነኛው ሰው እንኳ የሚያገኘው ኦክሲጅን ያነሰ ነው። የጣት ኦክሲጅን መለኪያ የገዛ ቤተሰብ ቁጥሩ ከሚያነበው ጽሑፍ ዝቅ ብሎ ሲያይ የሚደነግጠውም በከፊል ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ብርዱን ለመከላከል በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ከሰል ማንደድ አለ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የደማችንን ኦክሲጅን ተሸካሚ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የበሽተኛውን አንጎል ያፍናል፣ አጠገቡ ያንቀላፋችውን አስታማሚም ይገድላል። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ነበልባሉና ጢሱ ቢጠፋም መስኮት ሳይከፈት ክፍሉ ውስጥ አይደር። ዕጣንም ቢሆን ትንፋሽ ላጠረው ሰው ከሩቅ ይጨስ።

ሲቃዥ፣ ሲቅበዘበዝ፣ የሞቱትን ሲያይ

ከሁሉ ረጅም ሌሊት የሚሆነው ይህ ነው። ብርድ ልብሱን ይነጫል፣ አየር ላይ የሆነ ነገር ይለቅማል፣ "ተነሡ፣ በቅሎው ይጫን፣ መሸብን" ይላል። አንጎል ውስጥ ትኩረትን የሚይዘው አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ቀንሷል፣ ዶፓሚን የሚባለው ሌላው ኬሚካል በአንጻሩ በዝቷል፤ እንቅልፍና ንቃት ተቀላቅለዋል። ሲመሽ ይብሳል።

መጀመሪያ የሚፈለገው ሊስተካከል የሚችል ምክንያት ነው። የታችኛውን ሆዱን በቀስታ ዳስሱ፤ ጠንክሮ ከተነፋና ሽንት ከቀረ ፊኛው ሞልቷል ማለት ነው። መናገር ያልቻለ ሰው ይህን ሕመም የሚገልጸው በመቅበዝበዝ ነው። የጤና ባለሙያ ቱቦ ሲያስገባ ወዲያው ጸጥ ያለ በሽተኛ ብዙ ነው። የሆድ ድርቀት፣ ትኩሳት፣ ያልታገሠ ሕመም፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒትም እንዲሁ ይታሰቡ። ከዚያ ክፍሉን አስተካክሉ፦ ትንሽ መብራት ይብራ፣ ሰው ይቀነስ፣ ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ የለመደው ሰው ብቻ እጁን ይዞ በዝግታ ያናግረው። እጁን አትሰሩት። መታሰር ፍርሃቱን ያባብሰዋል፣ ቆዳውንም ይልጠዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልረገበ ሐኪሞች ሃሎፔሪዶል በትንሽ መጠን ያዛሉ፤ ዶፓሚንን የሚያግድ መድኃኒት ነው። ከጎረቤት የተለመነ የእንቅልፍ ክኒን ግን አንዳንዴ ቅዠቱን ይጨምራል።

የሞቱ ዘመዶችን ማየት ከዚህ መለየት አለበት። አንዲት የአንኮበር እናት ከማረፋቸው በፊት ባሉት ቀናት በሩን እያዩ በልጅነታቸው የሞተችውን እኅታቸውን ያናግሩ ነበር፤ አይፈሩም፣ ፈገግ ይላሉ። ልጆቻቸው ጸበል ይረጩ ጀመር፣ አንዱ "ማንም የለም፣ እማዬ!" ብሎ ጮኸባቸው። ያኔ ነው ፊታቸው የጠቆረው። በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ ክሪስቶፈር ኬር የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ከጠየቋቸው 59 የሆስፒስ (የማይድኑ ሕሙማን የሚታመሙበት ተቋም) ሕሙማን 88 በመቶው ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሕልም ወይም ራእይ አይተዋል፤ ከሁሉ የሚያጽናናውም የሞቱ ወዳጆችን ማየት ነበር። በሽተኛው አእምሮው ጥርት ብሎ፣ ሳይፈራ የሚናገረው ከሆነ አትከራከሩት፣ መድኃኒትም አትፈልጉለት። "ምን አለችዎት?" ብላችሁ ጠይቁ። የራእዩን ትርጉም ለእምነታችሁ ተዉት፤ እኔ የምላችሁ እንዳታቋርጡት ነው። የሚያስፈራው፣ የሚያስጮኸው፣ ከአልጋ የሚያስነሣው ከሆነ ግን ያ መቃዠት ነውና ከላይ እንዳልኩት አድርጉ።

ድንገት ሲበረታ

ለቀናት ያልተናገረ ሰው አንድ ጠዋት ዓይኑን ገልጦ ቡና አፍሉልኝ ይላል። የልጆቹን ስም ይጠራል። ቤቱ በእልልታ ይሞላል፣ መኪና ይጠራል፣ "አሁን አዲስ አበባ ብናደርሰው ይድናል" ይባላል። 130 ኪሎ ሜትር በመንገጫገጭ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ ብርታቱም እዚያው መንገድ ላይ ያልቃል።

ይህ ብርታት በዓለም ሁሉ የሚታይ ነው፤ አእምሯቸው ለዓመታት የጠፋ አረጋውያን ላይ እንኳ ታይቷል። ምክንያቱ ገና በጥናት ላይ ነው፤ ሰውነት በመጨረሻ የሚለቃቸው እንደ ኖርአድሬናሊን ያሉ የማንቂያ ኬሚካሎች እጅ እንዳለበት የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ። ሁሉም ሰው ላይ አይመጣም። ከመጣ ግን ሰዓታት፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ መኪናውን ተዉት። ያልቆረበ ከሆነ ካህኑ አሁኑኑ ይጠራ። የተጣላው ወንድም ይምጣ፤ መምጣት ካልቻለ በስልክ ይገናኙ። ቡናውንም አፍሉለት፤ ባይጠጣው እንኳ ሽታው ይበቃዋል።

ትንፋሹ ሲለወጥ

ይተነፍሳል፣ እየፈጠነና እየጠለቀ ይሄዳል፣ መልሶ እየሳሳ ይሄድና ይቆማል። ሰዎች "ሄደ" ብለው መጮኽ ሲጀምሩ እንደገና ይቀጥላል። ጆን ቼይን እ.ኤ.አ. በ1818፣ ዊልያም ስቶክስ ደግሞ በ1854 የገለጹት አተነፋፈስ ይህ ነው። የአንጎል ግንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠን ለክቶ ትንፋሽ ያዛል፤ አሁን መልእክቱ ዘግይቶ ስለሚደርሰው አንዴ አብዝቶ፣ አንዴ ረስቶ ያዛል። በሽተኛው በዚህ ጊዜ አብዛኛውን የሚያውቀው ነገር የለም። አትወዝውዙት፣ ደረቱን አትምቱት፣ ውኃ አትርጩበት።

ጉሮሮው ላይ የሚሰማው ኩርኩርታ ሌላው አስፈሪ ድምፅ ነው። መዋጥና ማሳል ስለቀረ ምራቅ ተጠራቅሞ ትንፋሹ ሲያልፍበት የሚሰማ ነው። የሚያስጨንቀው ከእሱ ይልቅ ሰሚውን ነው። በጎኑ አስተኙት፣ ራሱን ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ከአፉ ደጅ ያለውን ብቻ በጨርቅ አብሱ፤ ጣት ወደ ጉሮሮ አይግባ።

ነቅቶ ሳለ "አየር አጠረኝ" የሚል ከሆነ ግን ያ እውነተኛ ጭንቀት ነው፣ ችላ አይባልም። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ መስኮት ክፈቱ፣ በሰፌድ ወይም በወረቀት ፊቱ ላይ ንፋስ ስጡት፤ ጉንጭ ላይ ያሉ ነርቮች የሚያገኙት ነፋስ አንጎል የሚሰማውን የአየር ረሃብ ይቀንሳል። ሞርፊንም ይረዳል። አንጎላችን ራሱ ኢንዶርፊን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ያመርታል፤ ሞርፊን የሚሠራው ኢንዶርፊን በሚያርፍባቸው በእነዚያው ተቀባዮች ላይ ነው። "ሞርፊን ገደለው" የሚባለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። በታዘዘው መጠን፣ በሰዓቱ የተሰጠ ሞርፊን ሕመም ላይ ያለን ሰው ያሳርፈዋል እንጂ አይገድለውም። ሕመሙ እስኪያስጮኸው ጠብቆ መስጠት ግን ስህተት ነው፤ ያኔ ብዙ ያስፈልጋል። መጠኑን በራሳችሁ አታሳድጉ፣ ለባለሙያው ደውሉ። የሆድ ማለስለሻውንም አብራችሁ ጠይቁ፤ ሞርፊን ያደርቃል።

የመጨረሻው ሰዓት

በዚህ ሰዓት ክፍሉ በሰው ይሞላል። አንዱ ስለ ድንኳን ያወራል፣ ሌላው ለነፍስ አባት ይደውላል፣ ሴቶቹ ማልቀስ ይጀምራሉ። እባካችሁ፣ ስለ ድንኳኑ ደጅ ወጥታችሁ አውሩ። በካናዳ ቫንኩቨር ኤሊዛቤት ብለንደንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት በሆስፒስ ያሉ፣ ከሞት በሰዓታት ርቀት ላይ የነበሩ፣ ለምንም ነገር ምላሽ የማይሰጡ ሕሙማንን አንጎል በመሣሪያ መዝግበዋል። የአንዳንዶቹ አንጎል ለድምፅ ለውጥ የሰጠው ምላሽ ከጤነኛ ወጣቶች ምላሽ ጋር የሚመሳሰል ነበር። የሚሰማውን መረዳቱን ጥናቱ አላረጋገጠም፤ ድምፁ አንጎሉ እንደሚደርስ ግን አሳይቷል። ለእኔ ይህ ይበቃኛል። መሬቱን ማን እንደሚወርስ አልጋው አጠገብ አትከራከሩ። ተራ በተራ ቅረቡ፣ ስማችሁን ንገሩት፣ ይቅር በሉት፣ ይቅር በለኝ በሉት። ውዳሴ ማርያም የሚደገምለት ቤት ይደገም፣ ያሲን የሚቀራለት ቤት ይቀራ፤ በለመደው ዜማ፣ በለሆሳስ።

ልብ ሲቆም አንጎል ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰጋው ይህችን ደቂቃ ነውና። ደም ከተቋረጠ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ንቃት ይጠፋል። የአንጎል ሕዋሳት ኤቲፒ የሚባለው የኃይል ምንጫቸው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ሕዋስ ጨውን ወደ ውጭ እያስወጣ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ እያስገባ የሚኖረው በዚያ ኃይል ነው፤ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ክረምቱን የሚያልፈው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ውኃውን እየጠለቀ ሲያወጣ እንደሆነ ሁሉ፣ የሚጠልቀው ሲደክም ቤቱ በአንዴ ይሞላል። በርሊን ቻሪቴ ሆስፒታል ያለው ዬንስ ድራየር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን በሰው አንጎል ላይ አሳይቷል፦ ኃይል ሲያልቅ ሕዋሳቱ የኤሌክትሪክ ሚዛናቸውን የሚያጡበት ማዕበል በአንጎል ላይ ይሄዳል፣ ግሉታሜት የሚባለው አነቃቂ ኬሚካልም ያለልክ ይፈስሳል። ማዕበሉ በራሱ ሞት አይደለም፤ ደም ቶሎ ከተመለሰ ሕዋሳቱ ሊያገግሙ ይችላሉ። ካልተመለሰ ግን ወደ ሞት የሚወስደው መንገድ ከዚያ ይጀምራል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይታያል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጂሞ ቦርጂጊን እ.ኤ.አ. በ2013 ዘጠኝ አይጦችን ስታጠና ልባቸው በቆመ በ30 ሰከንድ ውስጥ ጋማ የሚባለው ፈጣን የአንጎል ሞገድ ንቁ ከነበሩበት ጊዜ በላይ ሲጠነክር አየች። በ2015 ደግሞ አየር ባጡ አይጦች አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን፣ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን በብዛት ሲለቀቁ ለካች። በ2023 የመተንፈሻ መሣሪያ የተነሣላቸውን አራት ሕሙማን መዝገብ መርምራ በሁለቱ ላይ ተመሳሳይ የጋማ መጠናከር አገኘች። አራት ሰው ጥቂት ነው፣ ምን እንዳዩ ሊነግሩን የተመለሱም የሉም። ግን ልባቸው ቆሞ ከተመለሱ ሰዎች የምንሰማው አለ፦ ፒም ቫን ሎሜል በኔዘርላንድስ 344 እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ጠይቆ 62ቱ፣ ማለትም 18 በመቶው፣ ብርሃን፣ ሰላም፣ የሞቱ ዘመዶችን የመሳሰሉ ነገሮች ማስታወሳቸውን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትሟል። በዚያች ደቂቃ አንጎል እንዲሁ እንደሚጠፋ መብራት አይጠፋም፤ እነዚህ ሰዎች ከተናገሩት ውስጥም ሰላሙ ይበዛል። ለዚህ ነው እሪታው እንዲዘገይ የምለምነው። ልቅሶው ይደርሳል፣ ለእሱ ጊዜ አለ።

ትንፋሹ ከቆመ በኋላ አፉን እንደሚያዛጋ ከፍቶ አንድ ሁለት ጊዜ ሊስብ ይችላል። ይህ የአንጎል ግንድ የመጨረሻ ትእዛዝ ነው፤ ያለ ንቃት የሚሆን ስለሆነ ሥቃይ አይደለም። ሰዓት አይታችሁ ቢያንስ አምስት ደቂቃ በጸጥታ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ካናዳዊው ሶኒ ዳናኒና ባልደረቦቹ ከ600 በላይ ሕሙማንን ተከታትለው ባወጡት ጥናት የቆመ ልብ በራሱ ለአፍታ የመታበት ረጅሙ ጊዜ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነበር፤ የተረፈ ግን አልነበረም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ትንፋሽ ከሌለ፣ አንገቱ ላይ ምት ካልተገኘ፣ የስልክ መብራት ሲበራበት የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ካልተንቀሳቀሰ አርፏል። በአካባቢው የጤና ባለሙያ ካለ ያረጋግጥ።

ከዚያ በኋላ

የዓይኑን ሽፋን በጣታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ያዙት፣ አገጩን በሻሽ እሰሩ፣ እጅና እግሩን አቃኑ። ይህን ሳትዘገዩ አድርጉ፤ የሞተ ጡንቻም ያንኑ ኤቲፒ ስላጣ መላላት ያቅተዋል፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ መድረቅ ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ይፈጥናል፣ መንዝ ብርድ ላይ ይዘገያል። ለግንዘት የሚመጡት ሰዎች የተቃና ሰውነት ሲያገኙ ሥራቸው ይቀላል፣ ማስገደድም አይኖርም።

የእድሩን ዳኛ የሚያስጠራ ሰው መድቡ፤ አስታማሚዋን ግን አታሠማሩ። ለሳምንታት ሳትተኛ የቆየች ሰው ድንኳን ውስጥ ወጥ ስታማስል ማየት ያመኛል። አንድ ጎረቤት ወደ ቤቱ ወስዶ ያስተኛት፣ ስትነሣ ያብላት።

የተረፈውን ሞርፊንና የእንቅልፍ መድኃኒት ደግሞ ለቀስተኛ የሚመላለስበት መደርደሪያ ላይ አትተዉት። ጠርሙሱን ዘግታችሁ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ቆልፋችሁ አቆዩና በማግስቱ ወደ ሰጣችሁ ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ መልሱት። ወገቡን ለሚያመው አጎት አይሰጥም፤ መጠኑ የተለካው ለሟቹ ነበር።